ኤኮው ደህና ነው፣ ኢሲጂው ግን አይደለም፦ የልብ አዮን ቻናል ምን ሲሆን ነው ምት የሚዛባው?

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ታናሽ እህቴ ረጅም ኪውቲ የሚባል ችግር እንዳለባት ተነግሮናል። ዓይነቱ ሁለት ነው፣ የፖታሲየም ቻናል ጉድለት ነው ተባልን። ጠዋት አላርም ሲጮህ ደንግጣ ራሷን ትስታለች። መጀመሪያ ያያት ሐኪም የሚጥል በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ጀምሮላት ነበር፤ ምንም ለውጥ አልመጣም።

በኋላ ኤኮ (በድምፅ ሞገድ የሚነሳ የልብ ምስል) ተነሳች። ልቧ ጤነኛ ነው ተባለ። ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምዝገባ) ላይ ግን ለልብ ምት ፍጥነት የተስተካከለው ኪውቲ 490 ሚሊሰከንድ ወጣ። አሁን ቤታ ብሎከር ትወስዳለች። መውሰድ የሌለባት የመድኃኒት ዝርዝርም ተሰጥቶናል። የአለርጂ፣ የኢንፌክሽን፣ የማቅለሽለሽ፣ የአእምሮ ሕመም፣ ያልገባበት የለም።

ልቧ ጤነኛ ከሆነ የታመመው ምኑ ነው? የአላርም ድምፅ እንዴት ልብ ድረስ ይደርሳል? የማቅለሽለሽ መድኃኒትንና ልብንስ ምን አገናኛቸው? እኔ ታላቅ እህቷ ነኝ፤ መድኃኒቷን የምከታተለውም እኔ ነኝ። በደንብ ሳይገባኝ መከታተል ከበደኝ። የምታውቁ በሚገባኝ ቋንቋ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

---

ሶዲየም11

እህትሽን እግዜር ይማርልሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሥራዬ የልብ ህዋስ ኤሌክትሪክ ላይ ነው። ስለዚህ ከሥሩ እጀምራለሁ፣ የሕክምናውን ነገር ሐኪሞቹ ይቀጥሉበት።

ኤኮ የሚያሳየው የልብን ቅርጽና እንቅስቃሴ ነው። ግድግዳው ወፍሯል ወይ? ቫልቩ በደንብ ይዘጋል ወይ? ደም በበቂ ይገፋል ወይ? የእህትሽ ችግር እዚያ የለም። ያለው በእያንዳንዱ የልብ ጡንቻ ህዋስ ሽፋን ላይ ነው። እዚያ የተሰካ ፕሮቲን ደግሞ በምንም ዓይነት ኤኮ አይታይም።

ህዋሱ ሲያርፍ ውስጡ ከውጭው አንጻር ወደ 85 ሚሊቮልት ገደማ አሉታዊ ነው። ውስጡ ፖታሲየም የበዛበት ነው፣ በሊትር 140 ሚሊሞል አካባቢ። ውጭው ደም ላይ ግን 4 ገደማ ብቻ። ሶዲየም በተቃራኒው ነው፤ ውጭ ይበዛል፣ ውስጥ ያንሳል። ካልሲየም ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል፤ ሲያርፍ ውጭ ያለው ውስጥ ካለው ከአሥር ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ልዩነት ጠብቀው የሚያቆዩት ጉልበት የሚበሉ ፓምፖች ናቸው። ዋናው ሦስት ሶዲየም አስወጥቶ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል፣ ቀንም ሌሊትም።

ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም እዚህ ያሉት የኤሌክትሪክ ሙል ይዘው ነው፤ እንዲህ ሲሆኑ አዮን ይባላሉ። አዮን ቻናል ማለት በሽፋኑ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ ፕሮቲን ነው። አንዱ ሲከፈት በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አዮኖች ያሳልፋል። ብዙዎቹ የሚከፈቱት የሽፋኑን ቮልቴጅ አይተው ነው።

አሁን አንድ የልብ ምት ብቻ እንይ። ከጎን ያለ ህዋስ ትንሽ ሲነካው በመጀመሪያ የሶዲየም ቻናሎች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ሶዲየም ይጎርፋል። ቮልቴጁ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ከዜሮ በላይ ይወጣል። እነዚያ ቻናሎች ወዲያው ራሳቸውን ይቆልፋሉ። ቀጥሎ ጥቂት ፖታሲየም ይወጣና ቮልቴጁ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከዚያ የካልሲየም ቻናሎች ተራ ነው። እነሱ ቀስ ብለው ይከፈታሉ፣ ቆይተውም ይዘጋሉ። የሚገባው ካልሲየም ትንሽ ነው፤ ግን በህዋሱ ውስጥ ባለው ጎተራ ላይ ያለውን ሌላ ቻናል ይከፍተዋል፣ ከዚያም ብዙ ካልሲየም ይለቀቃል። ጡንቻው የሚኮማተረው ያኔ ነው።

በዚህ ጊዜ ቮልቴጁ ከፍ እንዳለ ይቆያል። የነርቭ ምልክት በአንድ በሁለት ሚሊሰከንድ ያልቃል፤ የልብ ህዋስ ግን ከ200 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ይህ ቆይታ ጥበቃ ነው። እስኪያልቅ ድረስ ህዋሱ ሌላ ምልክት አይቀበልም፤ ልብ እንደ እግር ጡንቻ ተኮማትሮ ሊቀር አይችልም።

ታዲያ ማን ይጨርሰዋል? ፖታሲየም ነው። ሁለት ዋና ቻናሎች አሉ። አንዱ ፈጣኑ ነው፣ ኸርግ ይባላል። ሌላው ዘገምተኛው ነው፣ ኬሲኤንኪው1 ከሚባል ጂን የሚሠራ። ሁለቱ ፖታሲየም አስወጥተው ህዋሱን ወደ ዕረፍቱ ይመልሱታል። ዓይነት ሁለት ረጅም ኪውቲ ማለት ኸርግ ጎደለ ማለት ነው። ፖታሲየም በሰዓቱ አይወጣም፣ ምልክቱ ይራዘማል። ኢሲጂ ላይ ኪውቲ የሚባለው ርቀት ይህን ነው የሚለካው፤ የታችኛው የልብ ክፍል ከተነሳበት ወደ ዕረፍቱ እስከተመለሰበት ድረስ ያለውን ጊዜ።

---

ኮከብ

በጣም ግልጽ ነው፣ ተባረክ። ግን "ከጎን ያለ ህዋስ ሲነካው" ካልክ የመጀመሪያውን ማን ነካው?

---

ሶዲየም11

ማንም አይነካውም። በላይኛው ቀኝ የልብ ክፍል ራሱን በራሱ የሚያስነሳ የህዋስ ስብስብ አለ። እ.ኤ.አ. 1907 ኪዝና ፍላክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው ያገኙት። እነዚህ ህዋሶች ዕረፍት የላቸውም። አንዱ ምት እንዳለቀ ኤችሲኤን4 የሚባል ቻናል ይከፈትና አዎንታዊ አዮን ቀስ እያለ ያስገባል፣ ቮልቴጁ እስከ መነሻው ድረስ ይወጣል፣ እንደገና ይመታል። የሚገርመው ሌሎቹ ቻናሎች ቮልቴጅ ሲወጣ ነው የሚከፈቱት፤ ይህ ግን ሲወርድ ነው የሚከፈተው። ይህን ጅረት እ.ኤ.አ. 1979 ኦክስፎርድ ውስጥ ብራውን፣ ዲፍራንቼስኮና ኖብል አሳዩ። አድሬናሊን ሲጨምር ቻናሉ ቶሎ ይከፈታል፣ ልብ ይፈጥናል። አይቫብራዲን የሚባለው መድኃኒት ልብ የሚያዘገየው ይህንኑ ቻናል በመዝጋት ነው።

---

የማታ ተረኛ

ሰላም ማለዳ። የልብ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ሶዲየም11 ካቆመበት ልቀጥል። እህትሽን አላየኋትም፤ የምናገረው ስለ በሽታው ነው፣ የሷን ሕክምና የምትወስነው የምታያት ሐኪም ናት።

ኪውቲ መርዘሙ ብቻውን አያስወድቅም። አደጋው የሚመጣው ሲራዘም በሚፈጠረው ነገር ነው። ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ሲቆይ የተዘጉት የካልሲየም ቻናሎች ከቁልፋቸው ለመውጣት ጊዜ ያገኛሉ። አንዳንዶቹ እንደገና ይከፈታሉ። ህዋሱ ገና ሳያርፍ ሌላ ምት ይነሳበታል። ይህ ትርፍ ምት በአንድ አካባቢ ያረፈ፣ በሌላው ያላረፈ ጡንቻ ላይ ሲያርፍ ምልክቱ ክብ ሠርቶ ይዞራል።

በወረቀቱ ላይ ሲታይ መልኩ አይረሳም። መስመሩ መጀመሪያ ከፍ ከፍ ይላል፣ ከዚያ እየጠበበ ይመጣል፣ ይገለበጥና ወደ ታች ይሰፋል፣ እንደገና ይጠብባል። በመሐል መስመሩ ዙሪያ የሚጠመዘዝ ይመስላል። ፈረንሳዊው ዴሰርተን እ.ኤ.አ. 1966 ነው ቶርሳድ ደ ፖይንት ብሎ የገለጸው። ብዙ ጊዜ ከመነሳቱ በፊት አንድ ቅድመ ምት፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ምት ይታያል። እሱን ያየ ተረኛ ማግኒዥየም በደም ሥር ለመስጠት ይሮጣል። ልብ በዚህ ሁኔታ ደም አይገፋም፤ አንጎል በሰከንዶች ውስጥ ይጠማል፣ ሰውዬው ይወድቃል፣ ሰውነቱም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የእህትሽ ሕመም የሚጥል በሽታ የመሰለው ለዚህ ነው። በዚህ በሽታ ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ለዚህም ነው በድንጋጤ ወይም በስፖርት መሐል ራሱን ለሳተ ወጣት ሁሉ ኢሲጂ ይነሳ የምለው። አንድ ወረቀት ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም።

ቶርሳድ ብዙ ጊዜ ራሱ ይቆምና ሰውዬው ይነቃል። ካልቆመ ግን ወደ ታችኛው ክፍል ፊብሪሌሽን (የተዘበራረቀ መንቀጥቀጥ) ይሄዳል፤ ያኔ ዲፊብሪሌተር (ልብን በኤሌክትሪክ ወደ ምቱ የሚመልስ መሣሪያ) ካልደረሰ ሞት ነው። እህትሽ ራሷን ስታ ካልነቃችና በአግባቡ ካልተነፈሰች አትጠብቁ፤ ደረቷን መጫን ጀምሩ፣ የአስቸኳይ እርዳታ ጥሩ፣ አውቶማቲክ ዲፊብሪሌተር ካለ አምጡ።

---

ማለዳ

ዶክተር፣ በጣም አመሰግናለሁ። አላርሙስ? እሱ ነው እስካሁን የከነከነኝ። እየሮጠች ምንም አትሆንም፤ ስልክ ሲጮህ ግን ትወድቃለች።

---

የማታ ተረኛ

ይህ የዓይነት ሁለት መለያ ነው። ዓይነት አንድ በስፖርት ይነሳል፣ በተለይ በዋና። ዓይነት ሁለት በድንገተኛ ድምፅና በድንጋጤ፤ አላርም፣ የስልክ ጥሪ፣ የበር ደወል። ዓይነት ሦስት ደግሞ የሶዲየም ቻናል ችግር ነው፣ ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ ወይም በዕረፍት ጊዜ ይመጣል። ልዩነቱ ኢሲጂውም ላይ ይታያል። በዓይነት አንድ ቲ የሚባለው ማዕበል (የታችኛው የልብ ክፍል ወደ ዕረፍቱ ሲመለስ የሚታየው) ሰፊ ነው። በዓይነት ሁለት ዝቅ ያለና ጫፉ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። በዓይነት ሦስት ረጅም ጠፍጣፋ መስመር ይሄድና ማዕበሉ ዘግይቶ ይወጣል።

ምክንያቱን እንዲህ አስቢው። ሁለቱ የፖታሲየም ቻናሎች አንድ ሸክም አብረው እንደሚሸከሙ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ቢደክም ሌላው ይይዘዋል። አንድ ሰው ሲሮጥ አድሬናሊን ቀስ በቀስ ይጨምራል፣ ዘገምተኛው ቻናል ይጎለብታል፣ ምልክቱን ያሳጥራል። እህትሽ ያ ቻናል ጤነኛ ስለሆነላት ሩጫውን ትችለዋለች። አላርም ግን ከእንቅልፍ በአንድ አፍታ ያባንናል። አድሬናሊኑ በድንገት ይለቀቃል። የካልሲየሙ ጅረት ወዲያው ይጨምራል፣ ዘገምተኛው ቻናል ግን ለመድረስ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። በዚያች ክፍተት ኸርግ መያዝ ነበረበት፤ እሱ ደግሞ ጎድሏል። ዓይነት አንድ ላይ የጎደለው ዘገምተኛው ራሱ ስለሆነ ሩጫና ዋና ይጎዳቸዋል።

ይህን ስል ግን እንደፈለገች ትሩጥ ማለቴ አይደለም። የስፖርቱን መጠን ከሐኪሟ ጋር ትነጋገርበት።

አላርሙንና ስልኩን ከመኝታ ክፍሏ አውጡት። በእጅ ነክቶ፣ በዝግታ መቀስቀስ ይሻላል። ቤታ ብሎከሩ የሚሠራው ያንን የአድሬናሊን ጥድፊያ በማለዘብ ነው። አንድ ቀን መዝለል በዚህ በሽታ ቀላል ነገር አይደለም።

---

ጸደይ

የዓይነት አንዱን ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. 1957 ኖርዌይ ውስጥ ጀርቬልና ላንገ-ኒልሰን የሚባሉ ሐኪሞች አንድ ቤተሰብ ገልጸው ነበር። መስማት የተሳናቸው ልጆች፣ ኪውቲያቸው የረዘመ፣ አንዳንዶቹ በድንገት የሞቱ። ጆሮና ልብ እንዴት አብረው ይታመማሉ? ያው ዘገምተኛው የፖታሲየም ቻናል በውስጠኛው ጆሮ ውስጥም አለ። እዚያ ያለውን ፖታሲየም የበዛበት ፈሳሽ የሚሠራው እሱ ነው። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን የወረሰ ልጅ ልቡም ጆሮውም ይጎዳል። ከወላጆቹ ከአንዱ ብቻ የወረሰው ግን መስማቱ ደህና ነው፣ ኪውቲው ብቻ ይረዝማል። እኔን ወደዚህ ትምህርት የሳበኝ ይሄ ታሪክ ነው።

---

ኮከብ

ቆይ፣ ከአንዱ ብቻ ከተወረሰ ግማሹ ቻናል ጤነኛ ሆኖ ይቀራል አይደል? ለምን አልበቃም?

---

ሶዲየም11

ምርጥ ጥያቄ ነው። አንድ የኸርግ ቻናል የሚገጣጠመው ከአራት ቁራጮች ነው። ጤነኛውም የተበላሸውም ጂን እኩል ቁራጭ ይሠራሉ እንበል። አራቱም ጤነኛ የመሆን ዕድላቸው ከ16 አንድ ብቻ ነው። አንድ የተበላሸ ቁራጭ ሌሎቹን ሦስቱን የሚያሰናክል ዓይነት ከሆነ ግማሽ ሳይሆን አብዛኛው ቻናል ይጠፋል። ሁሉም ለውጥ እንዲህ አይከፋም። አንዳንዱ ቁራጩ ጭራሽ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ያኔ የቀረው ጤነኛ ግማሽ ይሠራል።

በዓይነት ሁለት ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ለውጦች ቻናሉ መከፈትና መዘጋት እንዲያቅተው አያደርጉም። ችግሩ ፕሮቲኑ በትክክል አለመታጠፉ ነው። ህዋሱ የራሱን ምርት ይመረምራል፤ የተዛባ ሆኖ ካገኘው ወደ ሽፋኑ አይልከውም፣ ውስጥ ያስቀረዋል። ቻናሉ ተሠርቷል፣ ቦታው ላይ ግን የለም።

---

ማለዳ

እናታችንም በወጣትነቷ ራሷን ትስት እንደነበር ትናገራለች። አሁን ነው ነገሩ የተገጣጠመልኝ።

መድኃኒቶቹን የሚያስረዳኝ ካለ እባካችሁ።

---

ቀማሚው

እሱን ለኔ ተዉት፣ ሙያዬ ፋርማሲ ነው።

ዝርዝሩ የተዘበራረቀ ይመስላል። የአለርጂ መድኃኒትና የአእምሮ መድኃኒት በምንም አይመሳሰሉም። የሚያገናኛቸው ሁሉም ኸርግ ውስጥ ገብተው መሰካት መቻላቸው ነው። ይህ ቻናል ከሌሎቹ የፖታሲየም ቻናሎች በአንድ ነገር ይለያል፤ በውስጡ ያለው ክፍተት መልካቸው የተለያየ መድኃኒቶችን ይቀበላል። በግድግዳው ላይ ታይሮሲንና ፊኒልአላኒን የሚባሉ ባለ ቀለበት አሚኖ አሲዶች አሉ፤ ባለ ቀለበት መድኃኒት ሲመጣ ይይዙታል። መድኃኒት ሠሪዎች ደግሞ ባለ ቀለበት ሞለኪውል ይወዳሉ። ስለዚህ ለሳንባም ለሆድም ለአእምሮም የተሠራ መድኃኒት ሳይታሰብ ልብ ላይ ያርፋል።

ዓለምን ያነቃው ቴርፈናዲን ነው። የአለርጂ መድኃኒት ነበር፣ እንቅልፍ አያመጣም ተብሎ በሰፊው ተሸጠ። በመደበኛው ሁኔታ ጉበት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል፤ ያ የተለወጠው ልብን አይነካም። ነገር ግን አንዳንድ ሰዎች አብረው ኤሪትሮማይሲን ወይም ኬቶኮናዞል ይወስዱ ነበር። እነዚህ የጉበቱን ሥራ ያስቆማሉ። ያልተለወጠው ቴርፈናዲን በደም ውስጥ ተጠራቀመ፣ ኸርግን ዘጋ፣ ሰዎች በቶርሳድ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከገበያ ወጣ። በቦታው የመጣው ያ ጉበት የሚሠራው ነገር ራሱ ነው፤ ፌክሶፈናዲን ይባላል። አስቴሚዞልና የጨጓራው ሲሳፕራይድም በተመሳሳይ ምክንያት ተነሱ። እ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ፤ አዲስ መድኃኒት ገበያ ከመግባቱ በፊት ኸርግንና ኪውቲን ይነካ እንደሆነ ይፈተናል።

ማለዳ፣ ከዚህ ታሪክ አንቺን የሚነካሽ ሁለት መድኃኒት ሲደመር የሚፈጠረው ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ሊሆን ይችላል። እህትሽ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጎድሎባት ነው የምትነሳው። ኤሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ ሞክሲፍሎክሳሲን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ሜታዶን፣ ክሎሮኪን፣ የማቅለሽለሹ ኦንዳንሴትሮን፣ እነዚህ በዝርዝሩ ላይ እንዳሉ እገምታለሁ። ዝርዝሩን ፎቶ አንስተሽ በስልክሽም በሷም ስልክ አስቀምጪው። መድኃኒት ልትገዛ ስትሄድ "ረጅም ኪውቲ አለብኝ" ትበል፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠውንም ሲሆን።

---

ነፃ ሐሳብ

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ቻናሉ ፖታሲየም የሚያስወጣ ከሆነ፣ በደም ውስጥ ፖታሲየም ሲያንስ እንዲያውም በቀላሉ መውጣት ነበረበት። ልዩነቱ ይሰፋል እኮ። ታዲያ ለምን ነው ፖታሲየም ሲያንስ ኪውቲ የሚረዝመው? ደግሞስ መፍትሔው ፖታሲየም ኪኒን መዋጥ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ?

---

ሶዲየም11

ለመጀመሪያው ጥያቄህ፣ ስሌትህ ልክ ነው። የሚገፋው ኃይል ይጨምራል። ነገር ግን ኸርግ ራሱ ከውጭ ያለውን ፖታሲየም ይፈልጋል። ይህ ቻናል እንግዳ ጠባይ አለው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ይከፈታል፣ ግን ከመክፈቻው የፈጠነ ሁለተኛ ቁልፍ ወዲያው ይዘጋዋል። ምቱ ሊያልቅ ቮልቴጁ መውረድ ሲጀምር ያ ቁልፍ ይለቀቅና ቻናሉ በሰፊው ፖታሲየም ያስወጣል። ለዚህ ነው ምልክቱን ለመጨረስ የተመቸው። ውጭ ያለው ፖታሲየም ሲያንስ ያ ሁለተኛ ቁልፍ ይጠነክራል፣ ሶዲየምም ቻናሉን ይበልጥ ያደናቅፈዋል። እጥረቱ ከቆየ ደግሞ ህዋሱ ቻናሎቹን ከሽፋኑ ላይ ያነሳቸዋል። ስለዚህ የሚገፋው ኃይል ቢጨምርም የሚወጣው ይቀንሳል።

በተቃራኒው እ.ኤ.አ. 1996 በታተመ ሥራ የዓይነት ሁለት ሕመምተኞች ፖታሲየማቸው ከፍ ሲደረግ ኪውቲያቸው አጥሯል። ሐሳብህ መሠረት አለው ማለት ነው።

---

የማታ ተረኛ

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ይህን አንብቦ ኪኒን የሚገዛ ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ።

ፖታሲየም በደም ውስጥ ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል በሊትር ነው የሚፈለገው። ጠባብ መንገድ ነው። ሲበዛ ህዋሱ ሲያርፍ የሚኖረው ቮልቴጅ ከፍ ይላል፣ የሶዲየም ቻናሎቹም እንደተቆለፉ ይቀራሉ። ኢሲጂው ላይ መጀመሪያ ቲ ማዕበሉ ይሾላል፣ ከዚያ መስመሩ ይሰፋል፣ ከዚያ ልብ ይቆማል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ወይም ፖታሲየም የሚያስቀር የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳያውቀው እዚያ ሊደርስ ይችላል። አንዳንድ ሕመምተኞች ፖታሲየም ይታዘዝላቸዋል፣ ግን ደማቸው እየተለካ ነው።

ለእህትሽ ማወቅ ያለባችሁ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ እና ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ፖታሲየምና ማግኒዥየም እንደሚቀንሱ ነው። እንደዚያ ከታመመች ቤት ሆናችሁ አትጠብቁ። ደሟ ይለካ።

---

የአባቱ ልጅ

ይቅርታ፣ ርዕሱን ላሰፋው ነው። አባቴ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን አለባቸው። የሳቸውም የቻናል ችግር ነው? ኪውቲ ግን ደህና ነው ተብለዋል።

---

የማታ ተረኛ

የሳቸው ሌላ ነው፤ ግን ቻናል የሌለበት የምት መዛባት የለም።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የላይኛው ክፍል በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጭረው ትርፍ ምት የሚነሳው ከሳንባ ወደ ግራ ልብ ከሚመጡት የደም ሥሮች አፍ ነው። እ.ኤ.አ. 1998 ቦርዶ ውስጥ የነአይሳገር ቡድን ነው ይህን ያሳየው፤ ዛሬ በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) የሚደረገው ማቃጠል በዚያ ላይ የቆመ ነው። ከዚያ በኋላ ቻናሎቹ ራሳቸው ይለወጣሉ። ልቡ በፍጥነት ሲመታ ህዋሱ በካልሲየም እንዳይጥለቀለቅ የካልሲየም ቻናሎቹን ይቀንሳል፣ አንዳንድ የፖታሲየም ጅረቶች ይጨምራሉ። ውጤቱ ከማለዳ እህት ተቃራኒ ነው፤ ምልክቱ ያጥራል። ህዋሱ ቶሎ ስለሚያርፍ የሚዞረው ምልክት ሁልጊዜ የሚገባበት ያረፈ ጡንቻ ያገኛል። በሽታው በቆየ ቁጥር ለመመለስ የሚከብደው ለዚህ ነው።

የአባትህ ትልቁ አደጋ ስትሮክ ነው። የላይኛው ክፍል በደንብ ስለማይኮማተር ደም ይረጋል፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ስጋቱ ይህ ሕመም ከሌለበት ሰው አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ደም ማቅጠኛ ታዞላቸው ከሆነ "ልቤ ዛሬ ደህና ነው" ብለው እንዳያቆሙት አደራ።

---

ነፃ ሐሳብ

ትርፍ ምት ከሆነ ችግሩ፣ ትርፍ ምት የሚያጠፋ መድኃኒት ሰጥቶ መገላገል አይቻልም?

---

ቀማሚው

ዓለም ሁሉ እንደዚያ አስቦ ነበር። ልባቸው የደም ሥር ተዘግቶባቸው የተረፉ ሰዎች ላይ ትርፍ ምት ያለባቸው በብዛት እንደሚሞቱ ይታወቅ ነበር። ፍሌካይናይድና ኤንካይናይድ የሶዲየም ቻናልን ይዘጋሉ፣ ትርፍ ምቱንም በደንብ ያጠፋሉ። ሐኪሞች ያዝዟቸው ነበር። ከዚያ ካስት የሚባለው ጥናት መጣ። እ.ኤ.አ. 1989 ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሞቱ፤ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት 743 ሰዎች የሞቱት 26 ነበሩ። ትርፍ ምቱ ጠፍቶ ሰዎቹ ሞቱ።

የሶዲየም ቻናል ሲዘጋ ምልክቱ በጡንቻው ውስጥ ቀስ ብሎ ይጓዛል። ጠባሳ ባለበት ልብ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጓዝ ምልክት ክብ ሠርቶ የመዞር ዕድሉ ይጨምራል። ይኸው ፍሌካይናይድ ጠባሳ ለሌለበት ልብ ዛሬም ጥሩ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የሚያርፍበት ልብ ይለያያል። እኔ በበኩሌ ተማሪ ስቀበል ከሁሉ በፊት የማስተምረው ይህንን ጥናት ነው።

---

ሶዲየም11

የሶዲየም ቻናል ከተነሳ አይቀር፤ ያው አንድ ጂን ሲበላሽ ሁለት ተቃራኒ በሽታ ያመጣል። ቻናሉ በደንብ ካልተቆለፈና ሶዲየም ማንጠባጠብ ካላቆመ ዓይነት ሦስት ረጅም ኪውቲ ነው። የሚያስገባው ካነሰ ደግሞ የብሩጋዳ ሕመም የሚባል ሌላ የምት መዛባት ሊመጣ ይችላል፤ ወንድማማቾቹ ፔድሮና ጆሴፕ ብሩጋዳ እ.ኤ.አ. 1992 የገለጹት። ይህ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ትኩሳት አደገኛ ነው። የዚህ ሕመም ሰው ትኩሳቱን ቶሎ ማብረድ አለበት።

---

የማታ ተረኛ

ማለዳ፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ እንዳልሄድ። እናትሽ ራሷን ትስት ነበር ብለሻል። አንቺና እናትሽ ኢሲጂ ተነስታችኋል? በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ ግማሽ በግማሽ ዕድል ነው የሚተላለፈው።

---

ማለዳ

እናቴ ገና ናት፣ በዚህ ሳምንት እወስዳታለሁ። እኔ ተነስቻለሁ፤ 445 ነው፣ ደህና ነሽ ተባልኩ።

---

የማታ ተረኛ

445 ለሴት በደንቡ ውስጥ ነው፤ ለሴት እስከ 460 ገደማ፣ ለወንድ እስከ 450 ገደማ እንደ ደህና ይታያል። ግን ጂኑን የያዘ ሰው ኪውቲው ደህና ሊሆን ይችላል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ኢሲጂ ደህና መሆኑ ነገሩን አይዘጋውም። የእህትሽ የጂን ምርመራ ውጤት ካለ፣ አንቺ ላይ የሚፈለገው ያ አንዱ ለውጥ ብቻ ነው። ሐኪሟን ጠይቂ። እስኪታወቅ ድረስ አንቺም ያንን የመድኃኒት ዝርዝር ጠብቂ። ደግሞ እህትሽ ወደፊት ስትወልድ አስቀድማ ለልብ ሐኪሟ ትንገር፤ ዓይነት ሁለት ያለባቸው ሴቶች ከወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ይበልጥ ለአደጋ ይጋለጣሉ።

---

ማለዳ

እሺ ዶክተር፣ እጠይቃለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ ለቀማሚው፦ እህቴ ጥርሷ አሟት ሊነቀል ነው። ምን ልበላቸው?

---

ቀማሚው

ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ደውለሽ ረጅም ኪውቲ ዓይነት ሁለት እንዳለባት ንገሪያቸው። ብዙ የጥርስ ማደንዘዣ አድሬናሊን ተቀላቅሎበታል፤ ለሷ የሌለበት ይመረጥ፣ ከልብ ሐኪሟም ጋር ይነጋገሩ። ኢንፌክሽን ካለ አሞክሲሲሊን ኪውቲ አያረዝምም፤ ፔኒሲሊን የማይስማማት ከሆነ ግን በምትኩ ኤሪትሮማይሲን ወይም ክላሪትሮማይሲን እንዳይጽፉላት ቀድመሽ አስታውሺ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ችግር የለበትም። የዚያን ቀን ጠዋት ቤታ ብሎከሯን እንደወትሮው ትውሰድ፤ ጥርስ ሊነቀል ነው ብላ እንዳትዘል። የታዘዘላትን ማንኛውንም ነገር ከመጀመሯ በፊት ስሙን እዚህ ጻፊልኝ፣ አየዋለሁ። ለሐኪሟም ደውይ።